ከፒኤልሲ እስከ ኮንታክተር፦ የአራት ፓምፖች የረዳት ሪሌ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጣቢያው አራት የውኃ ፓምፖች አሉት። ሞተሮቻቸው በ6.6 ኪሎ ቮልት የሚሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 630 ኪሎ ዋት ናቸው፤ ሦስቱ ሲሠሩ አራተኛው ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ሞተር በሙሉ ጭነት 67 አምፔር ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሣ ደግሞ ወደ 400 ይጠጋል። ማስነሻዎቹ ዕድሜ ጠገብ ቢሆኑም ጤነኞች ናቸው፦ በጋሪ የሚሳብ ቫኪዩም ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትልቅ ማብሪያ)፣ ሦስት ፊውዝና የሞተር መከላከያ ሪሌ (ሪሌ በትንሽ ኮረንቲ የሚታዘዝ ማብሪያ ነው)። ያረጀው መቆጣጠሪያው ነው። ቁም ሳጥን ሙሉ አሮጌ ሪሌ ወጥቶ በምትኩ ፒኤልሲ፣ ማለትም በፕሮግራም የሚሠራ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ይገባል፤ የእኔ ድርሻ በፒኤልሲውና በኮንታክተሩ መካከል የሚቆሙትን ረዳት ሪሌዎች መምረጥ፣ መግጠምና መሞከር ነው።

የፒኤልሲው መውጫ 24 ቮልት ነው፣ ከግማሽ አምፔር በላይ አይችልም። የኮንታክተሩ የመዝጊያ ኮይል (ኮረንቲ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን ጥቅል ሽቦ) ግን ከጣቢያው ባትሪ በሚመጣ 110 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኮረንቲ) ለቅጽበት 6 አምፔር ይጠይቃል። ሁለቱ ፊት ለፊት መነጋገር አይችሉም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል። ረዳት ሪሌው ሽማግሌያቸው ነው። ከወዲህ የፒኤልሲውን ቃል ይሰማል፣ ከወዲያ የባትሪውን ጉልበት ያስተላልፋል፤ የሁለቱ ወገን ሽቦ ግን ፈጽሞ አይነካካም።

ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ፦ በእኛ ሥራ «ዘጋሁት» ማለት አበራሁት፣ «ከፈትኩት» ማለት አጠፋሁት ማለት ነው። ሪሌ «ሳበ» ማለት ኮይሉ ኮረንቲ አግኝቶ ሠራ፣ «ለቀቀ» ማለት ደግሞ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በተቃራኒው ነው የሚረዳው።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

የመጀመሪያውን ማስነሻ አወጣን። ጋሪው ተስቦ ወጣ፣ በመመርመሪያው ዘንግ ቮልቴጅ አለመኖሩ ተረጋገጠ፣ የምድር ማብሪያው ተዘጋ፣ ቁልፉ ኪሴ ገባ። ቁልፉ እዚያው ኪሴ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ምንም ቢል ኤሌክትሪክ አይለቀቅም።

የጣቢያውን አንጋፋ ቴክኒሻን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አሮጌው ፓኔል ሲገጠም በወጣትነታቸው ሽቦ ይዘው እንደቆሙ ይናገራሉ። እኔ እየፈታሁ እሳቸው የሽቦዎቹን ቁጥር በደብተር ይጽፋሉ። ከሪሌዎቹ አንዱ፣ ኬ7 የተባለው፣ ምን እንደሚሠራ ከሽቦ ሥዕሉ ላይ ልረዳ አልቻልኩም። በራሱ ኮንታክት (በሚነካካውና በሚላቀቀው የብረት ጫፍ) ራሱን ይይዛል፣ ከመዝጊያው መስመር ጋር አንድ ዝግ ኮንታክት (ሪሌው ሲስብ የሚከፈት) አለው፤ ከዚያ በቀር የትም አይሄድም።

«ይሄ ለምን ነበር ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ግን ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

ሲሠራ ያልታየ ሪሌ አያስፈልግም ብዬ በአዲሱ ሥዕል ላይ ሳላስገባው ቀረሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ የጻፍኩት ለኋላ ነው፤ ትክክል ከሆንኩ ማንም አይጠይቀኝም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አዲሶቹ ሪሌዎች ተገጠሙ። ከመርካቶ የተገዙ፣ በሶኬት ላይ የሚሰኩ፣ ግልጽ ክዳን ያላቸው ናቸው። ክዳናቸው ላይ «10 አምፔር፣ 250 ቮልት» ተጽፏል። 6 አምፔር ለሚጠይቅ ኮይል 10 አምፔር የሚችል ሪሌ፤ ሒሳቡ ቀላል መስሎ ታየኝ።

ጣቢያው ያለው ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው ለትልቁ ዕቃ ያስባል፣ ለትንሹ ይረሳል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በዓለም አቀፉ የአይኢሲ ደረጃ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ዕቃ ውስጥ በሁለት ባዶ ብረቶች መካከል የሚተወው ክፍተት ሳይስተካከል የሚያገለግለው እስከ 2,000 ሜትር ነው፤ ለ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። ስለዚህ የ24 ቮልቱንና የ110 ቮልቱን ተርሚናሎች በአንድ መደዳ አላደረግኋቸውም፤ በመካከላቸው መለያ ሰሌዳ አለ፣ የሽቦ መሄጃ ቻናላቸውም የተለያየ ነው።

ከፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣው ልጅ የሽቦ ጫፍ አያያዙ ግሩም ነው። አንድም ክር ከተርሚናሉ ውጭ አይተርፍለትም። ዛሬ ግን የአንዱን ሪሌ ፕላስና ማይነስ አቀያየረ። በሶኬቱ ውስጥ ከኮይሉ ጎን ዲዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ስላለ ተገልብጦ ሲገናኝ ቀጥታ ሾርት ሆነና የፒኤልሲው ፊውዝ ሄደ። ዲዮዱ እዚያ የተቀመጠው ኮይሉ ሲለቅ የሚወረውረው ቮልቴጅ የፒኤልሲውን መውጫ እንዳይገድለው ነው። ዋጋውን ግን ያስከፍላል፤ ሪሌው ለመልቀቅ የሚወስደውን ጊዜ በብዙ እጥፍ ያረዝማል። ለመዝጊያው ትእዛዝ ግድ የለም። ሞተሩን ለሚያቆመው መስመር ግን በዲዮድ ፈንታ ቫሪስተር (ቮልቴጅ ሲበዛ ብቻ ኮረንቲ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለበትን ሶኬት አደረግሁ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የሙከራ ቀን። ጋሪው በሙከራ ቦታው ላይ ነው፤ የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ አለ፣ የ6.6 ኪሎ ቮልቱ የለም። ልጁ ከፒኤልሲው ይዘጋል፣ ጋሼ በቀዩ ቁልፍ ይከፍታሉ፣ እኔ መለኪያ ይዣለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ቆጠርን። በየመዝጊያው ከግልጹ የሪሌ ክዳን ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። «ውብ ነው» አለ ልጁ። እኔም ውብ መስሎኝ ነበር።

አሥራ አንደኛው ላይ ጋሼ ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። ኮንታክተሩ ተከፈተ፤ ወዲያው ራሱ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ጣ! ጣ! ጣ! ጣ! ጋሪው ውስጥ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ያለ ይመስላል። ጋሼ ደንግጠው ጣታቸውን አነሡ። ድምፁ ቆመ። ኮንታክተሩ ግን ተዘግቶ ቀረ።

ፒኤልሲው ላይ ምንም ትእዛዝ የለም። የመቆጣጠሪያውን ብሬከር ጣልኩት፤ ኮንታክተሩ ንቅንቅ አላለም። ይህ ዓይነቱ ኮንታክተር ከተዘጋ በኋላ በመካኒካዊ መያዣ ስለሚቆለፍ ባትሪ ቢኖርም ባይኖርም አይለቅም። በመጨረሻ ጋሪው ፊት ላይ ያለውን የብረት መክፈቻ በእጅ ገፍቼ ከፈትኩት።

ሪሌውን ከሶኬቱ ነቅዬ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈለቀቅሁ። ሁለቱ የብር ኮንታክቶች እንደ ቀለጠ ሻማ ተጣብቀዋል። በጥፍሬ ብገፋቸው አልተላቀቁም፤ በካቻቪቴ ስፈለቅቃቸው ቀጭ ብለው ተለያዩ፣ አንዱ ላይ የሽምብራ ግማሽ የሚያህል ጉድጓድ ቀረ።

ይህ የሆነው 6.6 ኪሎ ቮልቱ ኖሮ ሞተሩ እየዞረ ቢሆንስ? ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ስህተቱ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነው፤ ሦስቱም የእኔ።

መጀመሪያ የሪሌው ጽሑፍ። 10 አምፔር የሚለው ለኤሲ፣ አቅጣጫውን ለሚለዋውጥ ኮረንቲ፣ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሲ ኮረንቲው በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ያልፋል፤ ኮንታክቱ ሲከፈት የተነሣው ብልጭታ በመጀመሪያው ዜሮ ላይ ይሞታል። ዲሲ ዜሮ የለውም። ኮንታክቱ ቢላቀቅም ብልጭታው በክፍተቱ ላይ ድልድይ ሠርቶ ኮረንቲውን ያስኬዳል፣ ብሩንም ያቀልጣል። ትናንት ሌሊት የአምራቹን ሰነድ አወጣሁ። በ110 ቮልት ዲሲ ይህ ሪሌ የሚቆርጠው 0.3 አምፔር ብቻ ነው፤ ያውም ኮይል ላልሆነ ጭነት። እኔ 6 አምፔር የኮይል ጭነት ነበር ያስቆረጥኩት። ሪሌ የሚመረጠው በሚሸከመው ሳይሆን በሚለቀው ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ትናንት ግን አየሁት።

ሁለተኛው የትእዛዙ ርዝመት። በአግባቡ ቢሆን ሪሌው የኮይሉን ኮረንቲ መቁረጥ አይኖርበትም። ኮንታክተሩ ተዘግቶ ሲያበቃ የራሱ ረዳት ኮንታክት የመዝጊያ ኮይሉን ይቆርጠዋል፤ ሪሌው ከዚያ በኋላ ባዶውን ይለቃል። እኔ ግን በፕሮግራሙ ላይ የጻፍኩት 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ኮንታክተሩ ገና መንገድ ላይ እያለ ሪሌው ለቀቀ። አሁን 500 ሚሊ ሰከንድ አድርጌዋለሁ።

ሦስተኛው ኬ7 ነው። ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው ያንን ገጽ ሲያሳዩኝ ምንም አላሉም፤ ባይናገሩም በቂ ነበር። ኬ7 ደጋግሞ መዝጋትን የሚከለክል ሪሌ ነው። ኮንታክተሩ ሲዘጋ ኬ7 ይስባል፤ የመዝጊያው ትእዛዝ እስካለ ድረስ ራሱን ይዞ ይቆያል፣ በዝግ ኮንታክቱም የመዝጊያውን መስመር ቆርጦ ይይዛል። ትእዛዙ ተለቆ እንደገና ካልተሰጠ ኮንታክተሩ ዳግም አይዘጋም። የተጣበቀ ሪሌ ማለት ደግሞ የማይለቅ ትእዛዝ ማለት ነው። በአሮጌው ፓኔል ላይ ይህ ቢደርስ ኮንታክተሩ አንድ ጊዜ ተከፍቶ በዚያው ይቀር ነበር። ጋሼ ኬ7 ሲሠራ አለማየታቸው እውነት ነው፤ ሥራ የሚኖረው እንዲህ ባለው ቀን ብቻ ነው።

ኬ7ን ከቆሻሻው ካርቶን ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ኮይሉ ጤነኛ ነው፤ ለሦስቱ የቀሩት ማስነሻዎችም የየራሳቸው ነበራቸው። ሥዕሉን አስተካከልኩ።

ለመዝጊያውና ለመክፈቻው ትክክለኛው ሪሌ ከኮንታክቶቹ አጠገብ ማግኔት ያለበት ነው፤ ማግኔቱ ብልጭታውን ወደ ጎን እየገፋ ያስረዝመውና ያጠፋዋል። በገበያ የለም። ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ በሻንጣ እንዲልክልኝ ለመንኩት። «ምንድን ነው ይሄ?» ቢለኝ «የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ነው፣ ሃያ ግዛ» አልኩት። የኮንታክቶቹ ፕላስና ማይነስ እንደሚለይ ግን ሥዕሉን አያይዤ ላክሁለት፤ ከተገለበጠ ማግኔቱ ብልጭታውን ወደማይፈለግበት ወገን ይገፋዋል።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ዕቃው እስኪመጣ ከመከላከያ ሪሌው ትእዛዝ ተቀብለው ሞተሩን የሚያቆሙትን ረዳት ሪሌዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፈተሽኩ። ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ እያልኩ ከፍ አደርጋለሁ፣ የሳበበትን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ ታች፣ የለቀቀበትን እጽፋለሁ።

የባትሪው ቮልቴጅ ሲወርድም መሥራት አለባቸው፤ ስለዚህ ከ110ው 80 በመቶ፣ ማለትም 88 ቮልት ላይ መሳባቸው ግዴታ ነው። ይህን ሁሉም አለፉ። ሌላኛውን ወሰን ግን ብዙ ሰው አይፈትሽም። ከ12ቱ ሁለቱ በ48 ቮልት ሳቡ። ቶሎ የሚነሣ ሪሌ ጎበዝ ሠራተኛ ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ቦታ ግን አደገኛ ነው።

ባትሪያችን ከምድር ጋር አልተያያዘም፤ ፕላሱ ከምድር 55 ቮልት በላይ፣ ማይነሱ 55 ቮልት በታች ሆኖ ተንሳፏል። ወደ ሪሌው ኮይል የሚሄደው ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ የፓኔሉን ብረት ቢነካ፣ ኮይሉ ያለማንም ትእዛዝ ድንገት 55 ቮልት ያያል። የመቆጣጠሪያ ኬብሎቹ ሁሉ ያጠራቀሙት ቻርጅም በዚያች ቅጽበት በእርሱ በኩል ይፈሳል። በ48 የሚስብ ሪሌ ካለ ፓምፑ ቆመ ማለት ነው፤ ምክንያቱን ፈልጎ የሚያገኝ ደግሞ የለም። ሁለቱን አስወገድኳቸው። የቀሩት ከ66 ቮልት በታች አይስቡም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሪሌዎቹ ደረሱ፣ ከአንድ ሳጥን ቴምር ጋር። ሦስት ማስነሻ ላይ ተገጠሙ፤ ሃምሳ ጊዜ ዘግተን ከፈትን። አንዱን ከፍቼ ኮንታክቱን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ጥላሸት እንኳን አልያዘም።

ዛሬ ያስደነገጠኝ የፊውዙ ነገር ነው። ቫኪዩም ኮንታክተር ትልቅ ሾርት አይቆርጥም፣ ያ የፊውዙ ሥራ ነው። ሆኖም ከሦስቱ ፊውዝ አንዱ ብቻ ሲቃጠል ሞተሩ በሁለት ፌዝ ቀርቶ ይቃጠላል። ለዚህ ሲባል በየፊውዙ ጫፍ ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ ፊውዙ ሲሄድ ተስፈንጥራ ወጥታ አንዲት ማይክሮ ስዊች ትገፋለች፣ ስዊቿ በረዳት ሪሌ በኩል ኮንታክተሩን ታስከፍታለች። ስዊቿን በጣቴ ገፋሁ። ቀጭ አለች። ሪሌው ዝም። ሌላውን ማስነሻ ገፋሁ፤ እዚያም ዝም። ሽቦውን ተከትዬ ብሄድ ከተርሚናሉ ጀርባ ተጠቅልሎ በናስትሮ ታስሮ አገኘሁት። ድሮ የሠራው ተቋራጭ አላገናኘውም። ይህን ያህል ዓመት አራቱም ሞተሮች በዕድል ነው የኖሩት። አገናኘን፤ እንደገና በጣት ገፋን፤ አራቱም ከፈቱ።

ከፊውዝ በኋላ የሚቆለፈው ሪሌ፣ በሙያው 86 ቁጥር የሚባለው፣ በእጅ ብቻ ነው የሚመለሰው። ኃላፊዎቹ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በኮምፒውተር እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። አይሆንም አልኩ። ያንን እጀታ ለማዞር የሚመጣ ሰው ቢያንስ ማስነሻው አጠገብ ይቆማል፣ ሽታም ካለ ይሸተዋል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል። ከጠዋት ጀምሮ አካባቢው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ይታጠናል፤ ጭሱ በበሩ ሥር እየገባ ፓኔሎቹ ላይ ያርፋል። ሰው በበዓል ቀን አስመጥቼ ስለነበር ሥራው አጭር ሆነ።

ሰሞኑን ያበሳጨን የሁለተኛው ፓምፕ «እየሠራ ነው» የሚለው ምልክት ነው፤ ፓምፑ እየዞረ ፒኤልሲው ቆሟል ይላል። ምክንያቱ የተገላቢጦሽ ነው። 6 አምፔር እንዲቆርጥ የተሠራ የብር ኮንታክት 24 ቮልትና 5 ሚሊ አምፔር ሲሰጡት ፊቱ ላይ የያዘውን ስስ ዝገት የሚያቃጥልበት ጉልበት አያገኝም። ለምልክት መስመሮቹ በወርቅ የተለበጠ ኮንታክት ያላቸውን ትንንሽ ሪሌዎች ሰካሁ። ምልክቱ ረጋ። ወርቁን እንደ ቀለበት እንዳታስቡት፤ በዓይን እንኳን በጭንቅ ነው የሚታይ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ታንከሩ ያለው ከጣቢያው 1.8 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታው ላይ ነው። ሲሞላ ተንሳፋፊው ስዊች ይከፈታል፣ እዚህ ያለው ሪሌ ይለቃል፣ ፓምፑ ይቆማል። ድሮ በ230 ቮልት ኤሲ ነበር፤ ኬብሉን አልነካሁትም፣ ጫፉ ላይ አዲሷን ትንሽ ሪሌ ብቻ አደረግሁ።

ስዊቹ ተከፈተ። ሪሌዋ አልለቀቀችም።

ጋሼን ኮረብታው ላይ ልኬ ሽቦውን ከስዊቹ አስፈታሁት፤ አሁንም ይዛለች። ኮይሏ ላይ ቮልቴጅ ለካሁ። ሽቦው ከማንም ጋር አልተያያዘም፣ ቮልቴጅ ግን አለው። ጎን ለጎን 1.8 ኪሎ ሜትር የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ኮንደንሰር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ናቸው። በኪሎ ሜትር 0.3 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን ጠቅላላው ከግማሽ ማይክሮ ፋራድ ያልፋል፤ ይህም በኤሲ ብዙ ሚሊ አምፔር ያሾልካል። ለአዲሷ ሪሌ ደግሞ 6 ሚሊ አምፔር ይበቃታል። አሮጌው ሪሌ ጡብ የሚያህልና ብዙ ኮረንቲ የሚበላ ስለነበር በዚያ ሽርፍራፊ አይያዝም ነበር። ቆጣቢ በመሆኗ ነው ያጠፋችው።

ልጁ ከኮይሉ ጎን ሬዚስተር እናድርግ አለ። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን 2.2 ኪሎ ኦም ብናደርግ ቀን ከሌሊት 24 ዋት እየሞቀ ፓኔሉ ውስጥ ይቀመጣል። ወደ ዲሲ መቀየር ይሻላል፤ በዲሲ ኬብሉ አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አያሾልክም። የጣቢያውን 110 ቮልት ባትሪ ግን ያን ያህል ርቀት አላወጣውም። ከብት የሚረግጠው፣ ጎርፍ የሚያጥበው ኬብል ነው፤ አንድ ቦታ ምድር ቢነካ ችግሩ ወደ ማቆሚያው መስመር ይገባል። ለብቻው የተለየ የ48 ቮልት ዲሲ ምንጭና የ48 ቮልት ሪሌ አደረግንለት። ጋሼ ከኮረብታው በስልክ «ከፈትኩት» ሲሉ ሪሌዋ ከቃላቸው እኩል ለቀቀች።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ቅዳሜ ኤሌክትሪክ ለአራት ሰከንድ ጠፍቶ መጣ። ኮንታክተሮቹ በመያዣ የተቆለፉ ስለሆኑ፣ የቮልቴጅ ማነስ ሪሌው ባይኖር ኖሮ ሦስቱም ሞተር በአንድ ላይ ሊነሣ ነበር፤ 1,200 አምፔር በአንድ ትራንስፎርመር ላይ። ከ70 በመቶ በታች ለ2 ሰከንድ ከቆየ እንዲከፍት ነበር ያደረግሁት፤ ከፈተ። ፒኤልሲውም በ40 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ አስነሣቸው። ልዩነቱን ሳንሞክረው ነበር የቀረነው፤ ኤሌክትሪኩ ራሱ ሞከረልን።

ዛሬ ጠዋት የማታ ፈረቃውን መዝገብ አየሁ። ኦፕሬተሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40፦ ፓምፕ 3 ታንከር ሞልቶ ራሱ ቆመ። ሰው አልነካውም» ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

የቀረው የአራተኛው ማስነሻ ነው። ከዱባይ የመጡት ሪሌዎች ተርፈዋል፣ ኬ7ም ከካርቶኑ ወጥቶ ተፈትሿል። ሞተሩ ሲቆም ማሞቂያውን የሚያበራው ዝግ ኮንታክት ገና አልተያያዘም፤ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋሪውን እናወጣለን። የተጣበቀውን ሪሌ ጋሼ ወስደው ከጠረጴዛቸው ላይ ለወረቀት መጫኛ አድርገውታል።